ወንዝ ሲጐድል፤ የጎጃም የመፀው መንገድ ታሪክ

ለጎጃም ሰው መንገድ ማለት ብዙ ዘመን የቦታ ስም ብቻ ሳይሆን የወራትም ስም ሆኖ ኖሯል። ከሰኔ እስከ መስቀል መንገድ የለም፤ ከመስቀል በኋላ መንገድ አለ። ነጋዴው ጭነቱን፥ ተማሪው ዳባውንና አኰፋዳውን፥ ባለጕዳዩ አቤቱታውን ይዞ የሚነሣው ወንዝ ሲጐድል ነው።

የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ መፀው ይሉታል። በከተማ ሰው አፍ ይህ ወራት ብዙ ጊዜ ጸደይ ይባላል፤ ነገር ግን ጸደይ በመጽሐፉ ሥርዓት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ የመጽሐፉን ስም እንይዛለን። ስሙ የቱም ይሁን፥ ምዕራብ ጎጃምን ለማየት ከዚህ የተሻለ ወራት አይገኝም። ኑጉ አብቦ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ጤፉና ዳጉሳው ለአጨዳ ይቃረባል፤ በቡሬና በጃቢ ጠህናን አገር የተለቀመው በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ምድሩ ቀይ ሆኖ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በዚህ ወራት በዚህ መንገድ ማን ማን እንደ ተጓዘና መንገዱን ምን እንደ ከፈተለት ጥቂት ለማስታወስ ነው።

ጎጃም በዐባይ የተከበበ አገር እንደ ሆነ ማንም ተማሪ በካርታ አይቶታል። ወንዙ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ፥ አገሩ ከሞላ ጐደል ደሴት ይመስላል። ከዚህም በቀር በውስጡ እነ ተምጫ፥ እነ ብር፥ እነ ፈጣም፥ እነ ግልገል ዐባይ አሉ፤ እነዚህ በበጋ ሕፃን የሚሻገራቸው ሲሆኑ፥ በሐምሌ ግን በቅሎ ከነጭነቷ ይወስዳሉ። ስለዚህ ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ ወረዳ በየወንዙ ተከልሎ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ከወንዝ ማዶ የሞተ ዘመድ እንኳ የሚለቀስለት ብዙ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ይህነን ወራት የመንገድ ወራት አድርጋዋለች ማለት ይቻላል። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው አርባ ቀን ዘመነ ጽጌ ሲሆን፥ የሚታሰበው የእመቤታችን ስደት ወደ ግብፅ፥ ማለት የአንዲት እናትና የአንድ ሕፃን የእግር ጕዞ ነው። ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም፥ ቀን በየመንገዱ እንግዳ ይታያል። ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ፍለጋ የሚሄደው የቆሎ ተማሪም ከዚሁ እንግዳ አንዱ ነበር። የነጋዴው መንገድ ግን ከሁሉ ይረዝማል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያና ከጉድሩ የሚመጣው ቡና፥ ወርቅ፥ የዝባድ ሽቱና፥ ማስታወሱ የሚያሳፍር ቢሆንም፥ በባርነት የሚሸጠው ሰው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ቅፍለቱ በወንዙ ዳር ሆኖ ውኃው እስኪጐድል ይጠብቃል፤ ከዚያም በጎጃም በኩል አድርጎ ወደ ጎንደር ያዘግማል።

በዚህ መንገድ በመፀው ከተጓዙት መካከል ዝርዝሩን ጽፎ የተወልን ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ያጎቤ ይሉት ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በግንቦት 1770 ከራስ ሚካኤል ስሑል ጦር ጋር ወጥቶ የጢስ ዐባይን ፏፏቴ አየ፤ ወደ ምንጩ ግን ሊደርስ አልቻለም። ዝናቡ ቀድሞ ነበርና ጦሩ ዐባይን ሲሻገር ብዙ ሰውና ብዙ ከብት በውኃ ተወሰደ። ብሩስም ከሠራዊቱ ጋር ተመልሶ ክረምቱን በጎንደር አሳለፈ። ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር በጕልት ሰጥተውት ስለ ነበር፥ በስም ባለርስት የሆነበትን አገር ለማየት ወንዝ እስኪጐድል መጠበቅ ነበረበት።

በጥቅምት 1763 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1770) ከጎንደር ተነሣ። ጣናን በምዕራብ ወገን ይዞ፥ በዛሬው አቸፈር በኩል አልፎ፥ የክልቲን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሜጫና ወደ አገው ምድር ወጣ። ወንዙ ጐድሎለታል፤ መንገዱ ግን አልተከፈተለትም። የዳሞት ገዥ ፋሲል ከራስ ሚካኤል ጋር ጠላት ሆኖ ሳለ፥ ከጎንደር የሚመጣ ፈረንጅ በዚያ አገር ደኅና ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ብሩስ በመጀመሪያ ወደ ፋሲል ሰፈር ሄደ። ፋሲልም በመጀመሪያ ሊያስፈራራው ሞከረ፤ በኋላ ግን ራርቶ፥ ወይም ሌላ አስቦ፥ መሪ ሰው ሰጠው፤ ከዚያም በላይ የገዛ ፈረሱን ኰርቻና ልጓሙ እንዳለ ሰጥቶ፥ አንተ አትቀመጥበት፤ ባዶውን ከፊትህ አስቀድመህ ንዳው፤ ያን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም አለው።

የዚህ ነገር ፍሬ በክልቲ አካባቢ ታየ። በዚያን ጊዜ የፋሲል ወገን የሆኑ ጭፍሮች በአገሩ ተበትነው ነበር፤ መንገደኛ መዝረፍም ልማዳቸው ነው። ነገር ግን ባዶውን ኰርቻ ተሸክሞ የሚመጣውን ፈረስ አይተው የማን እንደ ሆነ ዐወቁ፤ ብሩስንም አሳለፉት። ከብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በምንጩ አጠገብ የኰኰነት ቅርፊት ዋንጫ አንሥቶ ለንጉሡ ለ3ኛው ጆርጅ ጤንነት የጠጣበትን ነው። ለዚህ ጸሐፊ ግን የፈረሱ ነገር ይበልጥበታል። የሳይንስ መሣሪያውና የንጉሡ የጕልት ስጦታ ሊያደርጉለት ያልቻሉትን አንድ ባዶ ኰርቻ አደረገለት።

ብሩስ ኅዳር 4 ቀን 1770፥ በስምንተኛው ቀን፥ ግሽ ደረሰ። ከአውሮፓውያን ቀዳሚው እኔ ነኝ ማለቱ ግን ልክ አልነበረም፤ ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1618፥ ከርሱ 152 ዓመት ቀድሞ ምንጩን አይቶታል። ምንጩን ቀድሞ የሚያውቀውና የሚያከብረው የአገሩ ሰው ስለ ሆነ፥ ይህ የቀዳሚነት ክርክር ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር አይመስለንም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ የስፍራው ስም ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ ዐደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ፥ ወንዙ አንድ ቅጠል ሳይረጥብ መልሶ ተፋላቸው ይባላል። በዓላቸው ጥር 13 ቀን በዚያው በምንጩ ስፍራ ሲከበር፥ ከሩቅ አገር ሰው ይጐርፋል።

ከብሩስ በኋላ ለዚህ አገር መንገድ ብዙ የደከመ ሌላ የባሕር ማዶ ሰው እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን ነው። እንግሊዞች ስለ ጣና ውኃ ባላቸው ጕዳይና ስለ ሌላም ምክንያት በዳንግላ ቈንስላ አቁመው ነበርና፥ ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በአውሮፓ አቈጣጠር በዚያ ቈንስል ሆኖ ተቀመጠ። በበቅሎና በእግር እየተጓዘ የዐባይን ሸለቆ ካርታ አነሣ፤ ጣናንም ዞረ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት፥ ሲያባራ ወደ መንገድ፤ የቈንስሉ ኑሮ ከነጋዴው ኑሮ በዚህ አይለይም ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ጕዞዎች ለአገራችን ታሪክ የሚበልጠው የ1933 ዓ.ም. ጕዞ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ዱር ቤቴ ብለው የተነሡት የጎጃም አርበኞች፥ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ነጋሽ በዛብህ፥ እነ በላይ ዘለቀ፥ ክረምትን እንደ ምሽግ ያውቁት ነበር። ኰሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ድንበር ተነሥቶ ወደ እነርሱ የመጣው በክረምት መካከል፥ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ነው፤ በኋላም ሰፈሩን በሰከላ፥ በዐባይ ምንጭ አገር፥ አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ሠራዊት አስከትለው የሚገቡበት መንገድ የደረቀ መሆን ነበረበትና፥ በኦሜድላ ድንበር የተሻገሩት በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የዊንጌት ጦር ስንቁን በ15 ሺህ ያህል ግመሎች ጭኖ መጣ፤ የበረሃው እንስሳ የበላያን ተራራና የአገው ምድርን ዳገት፥ ብርዱንና ሣሩን ሊችል አልቻለም፤ ከሞላ ጐደል ሁሉም በመንገድ አለቀ። ጦሩ በእንጅባራ ወደ ደጋው ወጥቶ፥ ቡሬን፥ ማንኩሳን፥ ደምበጫን ይዞ እየተዋጋ አለፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም ተብላ የተሰየመችው በዚህ ጕዞ ምክንያት እንደ ሆነ ይነገራል። ፍኖት መንገድ ነውና፥ የሰላም መንገድ ማለት ነው።

እንግዲህ ከነጻነት በኋላ የመጣው ሥራ ወንዙን በድንጋይና በብረት ማሸነፍ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ የተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድርም ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚጠልቀው ሸለቆ ሥር፥ ጠላት ሲሸሽ ያፈረሰው የዐባይ ድልድይ በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ እንደ ገና ተሠራ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በጃፓን መንግሥት ርዳታ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ከጐኑ ተከፈተ። ካሚዮንና ሎንችና በክረምትም በበጋም ማለፍ ጀመረ፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የነበረው መንገድ የዓመት መንገድ ሆነ።

ይህ ነገር ትናንሽ ከተሞችን እንደ ገና ፈጠራቸው ማለት ይቻላል። ቀድሞ ገበያ የሚቆመው ውኃና ሣር ባለበት፥ ቅፍለት ሊያድር በሚችልበት ነበር፤ አሁን አውቶቡስ የሚቆምበት ስፍራ ገበያ ሆነ። ባሶን የመሰለ ስመ ጥር ገበያ ሲረሳ፥ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆርቆሮ ክዳን የተሰለፉ ከተሞች ተነሡ። ዱርቤቴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ ዛሬ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነች፥ ወደ ቁንዝላና ወደ ጣና ምዕራብ ዳርቻ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ብሩስ ከጎንደር የመጣበት አቅጣጫ፥ ማለት የጣና ምዕራብ ወገን፥ ከአዲስ አበባው አውራ መንገድ ጋር የሚገናኘው በዚህች መገንጠያ ነው። ስሟን ሰምቶ ዱር የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ መሄድ አለበት። በከተማው ሰው ፓርክ የሚባለውን፥ አሮጌ ዛፍ፥ ጥላና የወፍ ድምፅ ያለበትን ስፍራ፥ በጎጃም ያቆየልን የደብር ደን ነው።

ስለ ጐብኝዎች ስንናገር አንድ ነገር መዝለል አይገባም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም፥ መሪው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ የሚለውን መፈክር ለዓለም አስተዋወቁ። በእንግሊዝኛው የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ማለት ነው፤ ነሐሴን በእንጅባራ ያሳለፈ ሰው ሲሰማው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ የታሪክ ጕዞ የተባለው መስመር ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን አያይዞ ለአገሪቱ ትልቅ ስምና ገቢ አስገኘ፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መስመሩ በአውሮፕላን ነበር። ጐብኝው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣና ዳር ሲያርፍ፥ ከደጀን እስከ መራዊ ያለውን አገር የሚያየው በመስኮት ከደመና በላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ የጎጃም ትናንሽ ከተሞች በጐብኝ መጽሐፍ ውስጥ ሲጠቀሱ፥ ብዙ ጊዜ ነዳጅ የሚቀዳባቸው ስፍራዎች ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

መንገዱን በምድር ለሚይዝ ግን የሚታየው ብዙ ነው። ከደብረ ማርቆስ፥ ማለት ከጥንቱ መንቆረር፥ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ ይገነጠላል፤ ይህም የጎጃምንና የወለጋን የጥንት ንግድ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ከቡሬ በላይ አየሩ ይለወጣል። ትልሊን አልፎ፥ የዘንገናን ክብ ሐይቅ በመንገዱ አጠገብ አይቶ፥ እንጅባራ ሲገባ ጭጋግ ይቀበለዋል፤ በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይሸጣል፤ የአገውኛም ቋንቋ ይሰማል። በዚህች ከተማ ጥር 23 ቀን የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ የሚያስታውሰውም በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ሰዎችና ከእነርሱ ጋር የወደቁትን ፈረሶች ነው። ለፈረስ ውለታ በዓል የሚያደርግ ሕዝብ በዓለም ብዙ አይመስለንም። ከእንጅባራ በኋላ የቺዝማን ዳንግላ አለ፤ ከዳንግላ በኋላ ዱርቤቴ፤ ከዱርቤቴ በኋላ ወተት ዐባይና የቆጋ ግድብ የሚያጠጣት መራዊ። መስቀልን በአንዱ፥ ኅዳር ሚካኤልን በሌላው፥ ጥምቀትን በሦስተኛው የሚውል መንገደኛ የማይጋብዘው ሰው አያገኝም።

ይህነን ሁሉ ስንጽፍ ሳንናገር ልናልፈው የማንችለው አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ፤ በሐምሌ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከአየር በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎችን ጠቅሰው የዜና ማሰራጫዎች ተናገሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በመራዊ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ሁለቱም ከላይ እንደ ጕዞ ማረፊያ የዘረዘርናቸው ከተሞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አስፋልቱ ሳይሰበር፥ ድልድዩ ሳይፈርስ፥ መንገዱ ብዙ ቀን ተዘግቶ ውሏል፤ ታማሚ ሆስፒታል ሳይደርስ፥ ተማሪ ፈተና ሳይቀመጥ፥ በርበሬ ከቡሬ ሳይወጣ የቀረበት ጊዜ ነበር።

የቀድሞ መንገደኛ በዐባይ ዳር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን ያውቅ ነበር። ውኃው ምን ያህል እንደ ጐደለ በድንጋዩ ላይ ባለው ምልክት ያየዋል፤ ቀኑንም ይቈጥራል፤ መስከረም ይጠባል፥ ጥቅምት ይገባል። የአሁኑ መንገደኛ የሚጠይቀው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ የቆመ ሰው ሻንጣውን ከመጫኑ በፊት ሹፌሩን መንገዱ ክፍት ነው ወይ ይለዋል፤ ሹፌሩም ሰማዩን አያይም፤ ስልኩን አውጥቶ ወደ ደምበጫ፥ ወደ ቡሬ፥ ወደ ዱርቤቴ ይደውላል። ይህም የሚሆነው በጥቅምት፥ ኑጉ አብቦ፥ ክልቲ በእግር በሚሻገሩት ጊዜ ነው።